ያልታሰረ ዐረፍተ ነገርና የተዛነፈ ትይዩነት፤ ስለ እንግሊዝኛ ጽሕፈት እርማት የቀረበ ሂስ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የእንግሊዝኛ ድርሰት በሚታረምበት ጊዜ ቀይ ቀለም ከማይለያቸው ስሕተቶች መካከል ሁለቱ ጎዶሎ ዐረፍተ ነገርና የትይዩነት መዛነፍ ናቸው። የመጀመሪያው ማሰሪያ የሌለው ሐረግ በነጥብ ሲዘጋ የሚፈጠር ሲሆን፣ ሁለተኛው በአንድ ረድፍ የተሰለፉ ሐሳቦች ቅርጻቸው ሳይመሳሰል ሲቀር የሚታይ ነው። እርማቱ ግን ብዙ ጊዜ ምልክት ከማድረግ አያልፍም፤ ተማሪውም በሚቀጥለው ድርሰት ያንኑ ይደግማል።

ስለ ሁለቱም ጉድለቶች አጭር ደንብ ከሰጡት መጻሕፍት አንዱ፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዊልያም ስትራንክ እ.ኤ.አ. በ1918 ያሳተሙትና በ1959 በኢ. ቢ. ዋይት ተሻሽሎ የወጣው «ዘ ኤለመንትስ ኦቭ ስታይል» ነው። በመጀመሪያው እትም ስድስተኛው ደንብ አንዱን ዐረፍተ ነገር ለሁለት መክፈልን ይከለክላል፤ ዐሥራ አምስተኛው እኩያ ሐሳቦች በተመሳሳይ ቅርጽ እንዲጻፉ ያዛል። ደንቦቹ ትክክለኛ ናቸው። ሆኖም የታሰቡት እንግሊዝኛን ከሕፃንነቱ ሲሰማ ላደገ ተማሪ ነው፤ እንዲህ ያለው ተማሪ ጽሑፉን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ጉድለቱን ጆሮው ይነግረዋል። በአማርኛ አፉን የፈታ ተማሪ ይህ ጆሮ የለውም፤ በምትኩ ያለው የራሱ ቋንቋ ሰዋስው ነው። የተለመደው እርማት ድክመትም በዚህ ዕውቀት አለመጠቀሙ ነው።

ለምሳሌ ተማሪው «ሂ ዋዝ ሌት። ቢኮዝ ዘ ሮድ ዋዝ ክሎዝድ።» ብሎ ይጽፋል። ይኸው ተማሪ በአማርኛ «መንገዱ ስለ ተዘጋ» ብሎ አራት ነጥብ አያኖርም፤ «ስለ» ከመጨረሻው ግሥ ጋር ስለ ተያያዘ ነገሩ እንዳላረፈ ወዲያው ያውቃል። በእንግሊዝኛ ግን «ቢኮዝ» ከፊት ይቆምና የሚከተለው ሁሉ ራሱን የቻለ ይመስላል። በተጨማሪም አማርኛ «የዘገየው መንገዱ ስለ ተዘጋ ነው» ሲል «ነው» ነገሩን ያስረዋል፤ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ማሰሪያው ይቀራል፣ ነጥቡ ግን ይቀመጣል። ስለዚህ «ዐረፍተ ነገር ሙሉ ሐሳብ የሚገልጽ ነው» የሚለው የተለመደ ትርጓሜ ብዙም አይረዳም፤ በተማሪው ዘንድ ሐሳቡ ሙሉ ነውና። የሚረዳው «ማሰሪያ አንቀጹ የቱ ነው? ጥገኛ የሚያደርገው ቃልስ ከፊቱ አለን?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ጥገናው ሁለት መንገድ አለው፤ ሐረጉን ከጎረቤቱ ዐረፍተ ነገር ጋር ማያያዝ፣ ወይም «ቢኮዝ»ን መሰረዝ። ሁለቱም ከሰዋስው አንጻር ትክክል ናቸው፤ በሁለተኛው ግን ምክንያትን ከውጤት ያገናኘው ቃል ይጠፋል። መምህሩ የትኛው የተማሪውን ሐሳብ እንደሚጠብቅ ሳይጠይቅ «ተስተካክሏል» ሊል አይገባውም።

የትይዩነት መዛነፍም ምንጩ ከዚሁ የራቀ አይደለም። «ማንበብ፣ መጻፍና መዋኘት ትወዳለች» ሲባል ሦስቱም አንድ ቅርጽ ይዘዋል። እንግሊዝኛ ለዚህ ሁለት ቅርጽ ስላለው ተማሪው ቀላቅሎ «ሺ ላይክስ ሪዲንግ፣ ራይቲንግ ኤንድ ቱ ስዊም» ይላል። «ላይክስ ቱ ስዊም» ለብቻው ስሕተት ስላልሆነ፣ እያንዳንዱ ከጋራው ቃል ጋር መግጠሙ ብቻ አይበቃም፤ ከጎረቤቶቹም ጋር መመሳሰል አለበት። የተሰለፉትን ከላይ ወደ ታች ማስጻፍ ልዩነቱን ለዐይን ያጋልጣል። ከዚህ የሚከብደው የቦዝ አንቀጽ ሰንሰለት ነው። «ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ሄደ» በሚለው ሦስቱ ቦዞች በአንድ ማሰሪያ ይጠቃለላሉ፤ እንግሊዝኛው «ሂ ጎት አፕ፣ ዎሽድ፣ ኤት ሂዝ ብሬክፋስት ኤንድ ሌፍት» ሲል ግን አራቱም ግሦች እኩል ይቆማሉ።

ሁሉን ስሕተት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማሳበብ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ስትራንክ ደንቦቹን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መጻፋቸው ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ቢሆንም አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛና ሲዳምኛም ግሥን በመጨረሻ የሚያኖሩ በመሆናቸው፣ ማነጻጸሩ ለአማርኛ ተናጋሪ ብቻ የሚጠቅም አይደለም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ አድርጎ ደንግጓል። ስለሆነም ጉዳዩ የአንድ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ በታሪክም ሆነ በባዮሎጂ መልስ ውስጥ ምክንያት ከውጤቱ ሲቆረጥ የተማሪው ዕውቀት ሳይታይ ይቀራል። መልስ በመምረጥ ብቻ የሚፈተን ተማሪ ስሕተትን መለየት ይችል ይሆናል፤ የራሱን ጽሑፍ መጠገን ግን አይለማመድም። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች የማነጻጸሪያ መልመጃ ቢጨምሩ፣ የእንግሊዝኛና የአፍ መፍቻ ቋንቋ መምህራንም ስለ ማሰሪያ አንቀጽ ተመካክረው ቢያስተምሩ፣ ቀይ ቀለሙ ከወቀሳ ወደ ትምህርት ይለወጣል።