የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ

ሂስ የሚጻፈው በልብ ወለድና በግጥም ላይ ብቻ አይደለም፤ ልብስም ይነበባል። ስለዚህም በዚህ እትማችን ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚገኘውን የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤን ቀሚስ እናነባለን። ሙዚየሙ ግን ጥሩነሽ ብሎ ነው የሚጠራቸው።

ቀሚሱ የጥጥ ሆኖ በሐር ክር የተጠለፈ ነው። በዘመኑ ጥጡን የምትፈትለው ሴት፣ የሚሸምነው ወንድ ነበር፤ ሐሩ ደግሞ ከባሕር ማዶ ይመጣ ነበር። የቤተ መንግሥት ልብስ የለባሹን ስም ያስጠራል እንጂ የፈታይንና የሸማኔን ስም አያወሳም። ይህ የመጀመሪያው ነቀፌታችን ነው።

የእንግሊዝ ጦር መቅደላን የያዘው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያው ዕለት ራሳቸውን ገደሉ፤ አምባው ተዘረፈ። እቴጌይቱ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ በግንቦት ዐረፉና ጨለቆት ተቀበሩ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ አገር በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንድዘር ተቀበረ። እናት፣ ልጅና ቀሚስ በሦስት ቦታ ቀሩ።

በ2010 ዓ.ም. ሙዚየሙ የመቅደላን 150ኛ ዓመት አስታኮ ቀሚሱን ከዘውዱና ከጽዋው ጋር ለሕዝብ አሳየ። የሙዚየሙ ዳይሬክተርም ዕቃዎቹ ለረጅም ጊዜ በውሰት ወደ ኢትዮጵያ ሊሄዱ እንደሚችሉ ተናገሩ። የራስን ንብረት መዋስ ምን ይባላል? ፍርዱን ለአንባቢ እንተዋለን።

ይሁንና እዚህ ላይ ብናቆም ሂሳችን ጎደሎ ይሆናል። ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ የእቴጌይቱን አባት ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው አሰሩ፤ የእስረኛቸውንም ልጅ አገቡ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘረፉ፤ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍትና ንዋያት መቅደላ ገቡ። እንግሊዝ የዘረፈው ግምጃ ቤት ከፊሉ ራሱ የዘረፋ ነበር።

ይህን የምንጽፈው ካርቱም ሆነን ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፏል። ዘራፊ ሁልጊዜ ባሕር ተሻግሮ አይመጣም።

ቀሚሱ ይመለስ እንላለን። ሲመለስ ግን ከደረስጌና ከጎንደር ታሪክ ጋር ይመለስ። የእንግሊዝን ዝርፊያ እያወገዝን የራሳችንን የምንሸፋፍን ከሆነ፣ ልብሱን ተቀብለን ባለቤቲቱን ሁለተኛ መቅበራችን ነው።

የሚቃወመን አንባቢ በኅዳጉ ላይ ይጻፍ፤ ቦታ ትተናል።