የጤና ባለሙያን ጸጸት የመለካት ሙያ

በሕክምና ሥራ ላይ የሚደርስ ጸጸት የጤና ባለሙያው በወሰነው ወይም ሳይወስን ባሳለፈው ነገር ሕመምተኛው እንደተጎዳ ሲያስብ የሚያድርበት ቁጭት ሲሆን፣ ስሕተት ባልተፈጸመበትም ጊዜ ስለሚመጣ ከጥፋተኝነት ጋር አንድ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። የጄኔቫ ተመራማሪዎች ይህን ስሜት ለመለካት ሁለት መጠይቆችን ያሳተሙ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውና 10 ጥያቄዎች ያሉት የጸጸቱን ክብደት፣ በዚያው ዓመት የወጣውና 15 ጥያቄዎች ያሉት ደግሞ ባለሙያው ጸጸቱን የሚቋቋምበትን መንገድ ይለካል። ሁለተኛው መጠይቅ መንገዶቹን በሦስት ይከፍላል፤ እነርሱም ችግሩን ለመፍታት መጣር፣ ስሜትን በሚጠቅም መልኩ ማስተናገድ፣ እንዲሁም እንደ መብሰልሰልና ራስን መውቀስ ባለ ጎጂ መልኩ ማስተናገድ ናቸው። ክብደቱና መንገዱ ለየብቻ የሚለኩት፣ አብዝቶ የተጸጸተ ሁሉ ጸጸቱን መቋቋም አቅቶታል ማለት ስላልሆነ ነው።

መለኪያው ከሥራው ቦታ ጋር ካልተገናዘበ ግን የሚሰጠው ቁጥር ያሳስታል። ሸዋሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጣርማበር ገደል ግርጌ በተዘረጋው የይፋት ቆላ የምትገኝና ወባ የማይለያት ከተማ ስትሆን፣ ከፍ ያለ ሕክምና የሚያስፈልገው ታካሚ በደብረ ሲና በኩል ዳገቱን ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን ይላካል። ስለዚህ በአካባቢው ባሉ ጤና ጣቢያዎች የሚሠራ አዋላጅ ወይም ነርስ የሚጸጸትበት ውሳኔ ብዙውን ጊዜ «ሪፈር ልጻፍ ወይስ እዚሁ ልከታተል» የሚለው ነው። የእናቶች ጤና ጥናት መዘግየትን በሦስት ይከፍላል፤ ቤተሰቡ እስኪወስን የሚያልፈው ጊዜ፣ በመንገድ ላይ የሚያልፈው ጊዜ፣ በተቋሙ ውስጥ ሕክምናው እስኪጀመር የሚያልፈው ጊዜ ተብሎ። ጠያቂው ይህን ክፍፍል ተከትሎ ከባለሙያው እጅ የነበረውን አስቀድሞ ካልለየ፣ የአምቡላንስ እጦት የባለሙያው ድክመት ሆኖ ይመዘገባል።

ከሁሉ ለመመደብ የሚከብደው የእምነት መልስ ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብቶ በሚኖርበት በይፋት «የእግዜር ፈቃድ ነው» ወይም «አላህ ያለው ሆነ» የሚል መልስ መስማት የተለመደ ሲሆን፣ መልሱ አንዱ ባለሙያ ሐዘኑን ተቀብሎ ወደ ሥራው የሚመለስበት፣ ሌላው ደግሞ የሆነውን ላለመመርመር የሚሸሽበት ሊሆን ይችላል። በቃሉ ብቻ መመደብ ስለማይቻል፣ ከመልሱ ቀጥሎ «ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ታካሚ ሲመጣ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ መጽናናትን ከመሸሽ የሚለየው በቀጣዩ ታካሚ ላይ የሚደረገው ነገር ነውና።

የመጠይቁ ጽናት ሲፈተሽ፣ ማለትም ያው ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመሳሳይ መልስ መስጠቱ ሲታይ፣ ወቅቱ መታሰብ አለበት። የመጀመሪያው ልኬት በክረምት፣ ድጋሚው ደግሞ ዝናቡ አባርቶ ወባ በሚበረታበት በመስከረምና በኅዳር መካከል ከተደረገ፣ የመልሱ መለዋወጥ ከመጠይቁ ጉድለት ይልቅ ከታካሚው ብዛት የመነጨ ሊሆን ይችላል። የሦስቱን የመቋቋሚያ መንገዶች ውጤት ደምሮ አንድ ቁጥር ማድረግም አይገባም፤ ብዙ የሚመካከርና ጥቂት የሚብሰለሰል ሰው ጥቂት ከሚመካከርና ብዙ ከሚብሰለሰል ጋር እኩል መስሎ ሊታይ፣ እርዳታ የሚሻውም ሳይታወቅ ሊቀር ይችላልና።

ጠያቂው ማን እንደሆነም የመልሱን እውነተኛነት ይወስናል። የቅርብ አለቃው የሚጠይቀው ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጸጸቱን ለሥራ አፈጻጸም ምዘና እንደሚሰጥ ማስረጃ ስለሚያየው «ምንም አልተሰማኝም» ማለቱ አይቀርም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረችው የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ ሥርዓት የተመሠረተው ስም ባለመጥራትና ባለመውቀስ መርሕ ላይ ነው፤ ይኸው መርሕ ለጸጸት መለኪያም ሊሠራ ይገባል። ስለዚህ መጠይቁን በሥራ ላይ ለማዋል የሚያስቡ የጤና ጽሕፈት ቤቶችና ተመራማሪዎች ቅጹን ከማባዛታቸው በፊት መልሱ ከሠራተኛው የግል ማኅደር እንደማይገባ በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ ክፉኛ ለሚብሰለሰለውም የሚያነጋግረው ሰው አስቀድመው ያዘጋጁ። ይህን ማድረግ ካልቻሉ ልኬቱን ባይጀምሩት ይሻላል።