እንደገና ስለሚነሣ ኖትቡክ የቀረበ አጭር ሂስ

በጌዴኦ ዞን በገደብ ወረዳ፣ በባንኮ ጎቲቲ ቡና ማጠቢያ የሚገባ እሸት ቡና ስንት ንጹሕ ቡና እንደሚወጣው ለማስላት ያዘጋጀነውን የጁፒተር ኖትቡክ ለጓደኞቻችን ልናሳይ ስንከፍተው፣ ግራፉም ሠንጠረዡም እንዳማረበት በገጹ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሦስተኛውን ሴል ብቻ አርመን ብናስኬደው ግን ኔምኤረር የሚል ቀይ መልእክት ወጣ፤ ‹እሸት› የሚባል ስም አላውቅም አለን። (ፓይተን 3 በፊደላችን የተጻፈ ስም እንደሚቀበል ያልሞከረ አንባቢ ቢኖር ይሞክረው።) ስሙ ከፊታችን ተጽፎ ሳለ አላውቅም ማለቱ ማላገጥ መሰለን።

ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። የምናየው ጽሑፍና ውጤት በፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል፤ የስሞቹ ዋጋ ግን የሚኖረው ከርነል በሚባለው ፕሮግራም ትውስታ ብቻ ነው። ማታ መብራት ጠፍቶ ከርነሉ ሲሞት ትውስታው አብሮ ጠፋ፤ ገጹ ግን ምንም እንዳልሆነ ሁሉ የትናንቱን ውጤት ያሳያል።

በዚህ ጊዜ አብዛኞቻችን ቀዩ መልእክት እስኪጠፋ ድረስ ሴሎቹን ወደ ላይና ወደ ታች እናስኬዳለን። እኛም ይህንኑ አደረግን፤ መልእክቱም ጠፋ። ነገር ግን ለሙከራ ያስገባነው 600 ኪሎ እሸት፣ በግምት ስድስቱ አንድ ንጹሕ ይወጣዋል ብለን ስለ ነበር፣ 100 ኪሎ መስጠት ሲገባው 16.7 ያህል ሰጠን። ‹እሸት = እሸት / 6› የሚለውን ሴል ሁለት ጊዜ አስኬደነው ኖሯል! መሣሪያው ለዚህ አንዳች አላጉረመረመም። ውጤቱን ‹ንጹሕ› በሚል አዲስ ስም ብናስቀምጠው ኖሮ መደጋገሙ ባልጎዳን ነበር።

በጉግል ኮላብ ለሚሠሩ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ሴሽኑን ብቻ ማስነሣት ፋይል አያጠፋም፤ የተሰጠን ማሽን ከተለቀቀ ግን የጫንናቸው ፋይሎችና ላይብረሪዎች ሁሉ ይጠፋሉ። ስለዚህ የመጫኛው ሴል ከሁሉ በላይ መቀመጥ አለበት።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከጊትሀብ 1.4 ሚሊዮን ያህል ኖትቡኮች ሰብስቦ ነበር፤ ዳግመኛ እንዲሠሩ ከተሞከሩት ውስጥ ያለ ስሕተት መጨረሻ የደረሱት ከ100 24 ያህሉ፣ የቀድሞውን ውጤት የመለሱት ደግሞ 4 ያህሉ ብቻ ናቸው። ከዚያ በፊት በ2018 አሜሪካዊው ጆኤል ግሩስ በጁፒተር ጉባኤ ላይ ቆሞ ኖትቡክ እንደማይወድ ተናግሯል። እኛ ይህን ያህል አንሄድም፤ ሒሳቡን፣ ግራፉንና ማብራሪያውን በአንድ ገጽ ማየት ለተማሪ ትልቅ ጥቅም ነውና። የምንነቅፈው ገጹ ከሞተ ሴሽን የቀረውን ውጤት ከአዲሱ ለይቶ አለማሳየቱን ነው። ከሴሉ ጎን ያለው ቁጥር የተሠራበትን ቅደም ተከተል ይናገራል፤ ግን ማን ያነበዋል?

ኖትቡክ ለመምህርም ሆነ ለዚህ መጽሔት ከመቅረቡ በፊት ከርነሉ እንደገና ተነሥቶ ሁሉም ሴል ከላይ እስከ ታች እንዲሠራ እንጠይቃለን። የባንኮ ጎቲቲው ሥራችን በዚህ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቆ በሦስተኛው አለፈ። ሁለተኛ የወደቀው፣ ከሳምንት በፊት የሰረዝነው ሴል የሰጠውን ስም እስከዚያ ቀን ድረስ ስንጠቀምበት ስለ ኖርን ነው።