የሌቦች ማኅበርና የአንድ ተውላጠ ስም ዕዳ

ስኮት ሊንች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተመው «የሎክ ላሞራ ውሸቶች» የተባለው ምናባዊ ልብ ወለድ፣ ቬኒስን በምትመስል ካሞር በተባለች የቦይ ከተማ የሚኖሩ አምስት ሌቦችን ታሪክ ይተርካል። ያሳደጋቸው ቼይንስ ዕውር መስሎ በቤተ መቅደስ ደጃፍ የሚለምን ሐሰተኛ ካህን ነው። ሴራው የተዋጣለት ነው፤ በእርሱ ላይ ብዙ አልልም። የሚያነጋግረው አንደበታቸው ነው።

መጽሐፉን ያነበብሁት በኦልድ ካምፓላ ነው። ከኮረብታው ወርዶ ወደ አሮጌው የታክሲ ማቆሚያ የሚሄድ ሰው ሉያዬን ሳይሰማ አይመለስም። የሉያዬ አጥንት ሉጋንዳ ነው፦ አንዱ ሰው ሙያዬ፣ ብዙዎቹ ባያዬ፣ ንግግራቸው ሉያዬ ይባላል። (ለአማርኛ ጆሮ «ሙያዬ» ሌላ ትርጉም መስጠቱ አጋጣሚ ነው፤ ቢሆንም ያስቃል።) ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ኢትዮጵያ ምስጢራዊ ቋንቋዎች ባሳተመው ጥናት ያሳየውም ይህንኑ ነው፤ አዝማሪው ቃሉን ይሰውራል እንጂ ሰዋስውን አይነካም። እንዲህ ያለ ንግግር የሚፈጠረው በአጠገብ የቆመው ባዕድ እንዳይገባው ነው። በሊንች ልብ ወለድ ግን አንባቢው አንድም ጊዜ ባዕድ አይሆንም። ጥቂት የእጅ ምልክቶችና ብዙ ስድብ አሉ፤ ስድብ ደግሞ ምስጢር አይጠብቅም። ሌቦቹ ራሳቸውን «ትክክለኞቹ ሰዎች» ማለታቸው ብቻ እውነተኛ ጆሮ ያለው ደራሲ ያሰኘዋል፤ የሰፈር ስም የነበረው «አራዳ» የብልጥ ሰው ማሞገሻ የሆነበትን መንገድ ያስታውሳል።

የመጽሐፉን ብርታት ያየሁት ለልምምድ አንዳንድ ትዕይንቶችን ወደ አማርኛ ስመልስ ነው። ሎክ የሩቅ አገር ነጋዴ መስሎ ባላባቱን ሳልቫራን ያታልላል፤ በኋላም የመስፍኑ ምስጢራዊ ፖሊስ ሆኖ ይመጣና ያ ነጋዴ ሌባ መሆኑን ራሱ ይነግረዋል፤ ሌባውን ለማጥመድ ሲባልም ገንዘቡን መስጠቱን እንዲቀጥል ያዝዘዋል። እንግሊዝኛው ለሁለቱም ጭምብል አንድ ተውላጠ ስም ይበቃዋል። አማርኛ አይምርም። ነጋዴው «ጌታዬ፣ ቢፈቅዱልኝ» ማለቱ ግልጽ ነው፤ ፖሊሱስ? «ይክፈሉ» ካለ አጎንባሽ አገልጋይ ይሆናል፤ «ክፈል» ካለ ባላባቱ ከፍርሃቱ በፊት ውርደቱን ይሰማል፤ የተሰማው ውርደትም ጥርጣሬን ሊቀሰቅስ ይችላል። እኔ «ይክፈሉ»ን መረጥሁ፤ ማስፈራሪያው በአክብሮት ሲሸፈን ይበልጥ ያስፈራል።

ከዚህ የከበደው ቼይንስ ነው። ሎክ ሕፃን ሳለ ተገዝቶ በመጣበት ሌሊት «እርስዎ» እንደሚለው አያጠራጥርም። ልጆቹ ግን ኋላ እንደ አባት ይወዱታል። ብዙ ልጅ አባቱን «አንተ» ይላል፤ ካህንን ግን አይልም፤ ይህ ሰው ደግሞ አባትም ሐሰተኛ ካህንም ነው። ሊንች ይህን ለውጥ በየትኛው ገጽ ላይ እንደሚያስቀምጥ መወሰን አላስፈለገውም፤ ተርጓሚው ግን ማምለጫ የለውም። እኔ የመጀመሪያዋን «አንተ» ያስገባኋት ሽማግሌውና ልጆቹ አብረው ራት በሚያበስሉበት ቦታ ነው።