የቁልቋል ሥዕልና የቁልቋል ፍቺ

«ካክተስ» የተባለውን የባዕድ ቃል «ቁልቋል» ብሎ መተርጐም የተለመደ ሆኗል። ፍቺው ልክ አለመሆኑን ለማስረዳት ከረጅም ሐተታ ይልቅ አንድ አሮጌ ሥዕል ይበልጥ ይረዳናል።

ሥዕሉ የሚገኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ አምስተኛ ቅጽ ነው። በዚያው ቅጽ ኮሶ፣ ዋጊኖስ፣ ቀንጠፋ፣ እንሰትና ጤፍ ከነስማቸው ተሥለዋል። ስማቸው ስንል ብሩስ በጆሮው እንደ ሰማው በላቲን ፊደል የጻፈውን ማለታችን ነው፤ ጆሮው ደግሞ ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። ዋጊኖስ በእርሱ አጻጻፍ «ዉጊኑስ» ሆኖ ይነበባል። ሥዕሉ ባይኖር አንዳንዱን ስም ከየትኛው ተክል ጋር እንደምናገናኘው በቸገረን ነበር። እንግዲህ ሥዕሉ ለቃሉ ምስክር ሆኖ ቆሟል ማለት ነው።

የምስክርነቱ ምስጋና ግን ለብሩስ የሚገባ አይደለም። ሥዕሎቹ አብሮት የተጓዘው የቦሎኛው ተወላጅ ሉዊጂ ባሉጋኒ የእጅ ሥራ ናቸው። ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞቶ ቀረ፤ ብሩስም ሥራውን የራሱ አስመስሎ ለዓለም አቀረበ። ጉዳዩ በዝርዝር የተጣራው ገና እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ ጥናት ነው።

ኅትመቱም ነቀፌታ አያጣውም። ባሉጋኒ በውኃ ቀለም የሣለው በመዳብ ላይ ተቀርጾ ሲታተም ቀለሙ ጠፍቷል። ይህ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ትልቅ ጉድለት ነው። ሴቴው ኮሶ ከወንዴው የሚለየው በአበባው ቅላት ነውና፤ ለመድኃኒት የሚፈለገውም ቀዩ ነው። የቁልቋልም ቢጫ አበባና ቀይ ፍሬ እንደዚሁ ቀርቷል።

ቢሆንም ሥዕሉና ከሥዕሉ ጋር ያለው ገለጻ ሲደመሩ ቁልቋል አይሳትም፤ ማዕዘናም ቅርንጫፎቹ እንደ መቅረዝ ወደ ላይ የቆሙ፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈስ የአገራችን ዛፍ ነው። የካክተስ ወገን ግን ከጥቂቱ በቀር ትውልዱ አሜሪካ ነው። የሁለቱ መመሳሰል ውኃ ቆጥቦ በደረቅ ምድር ከመኖር የመጣ እንጂ የዝምድና አይደለም።

ይህን ልዩነት ሕዝቡ ከሊቃውንት አስቀድሞ አይቶታል። ፍሬው በለስ የሚባለውን መጤ ተክል «የባሕር ቁልቋል» ብሎ ለይቶ ሰየመው። የቀበናን ወንዝ ይዞ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ለሚወጣ ሰው ይህ አሰያየም እንግዳ አይሆንበትም፤ ትውልዱ አውስትራሊያ የሆነው፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ ተራራውን ያለበሰው «ባሕር ዛፍ» ስሙን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነውና። በቆሎንም «የባሕር ማሽላ» ያሰኘው ይኸው ልማድ ነው። (እንዲህ ያለ የተሟላ የስያሜ ሥርዓት በእጃችን ሳለ ከውጭ ቃል ለመዋስ መቸኰላችን ያስገርመኛል።)

ስለሆነም ለካክተስ «የባሕር ቁልቋል» የሚለውን አቀርባለሁ። ቃሉ የአንድ ዓይነት ተክል ስም ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ለመላው ወገን ቢሰፋ ግን ጉዳት አይታየኝም። «ቁልቋል» ብቻውን ለባለ ወተቱ ዛፍ ይጠበቅ። አለዚያ ካክተስን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ የሚያውቅ ተማሪ በደጁ የቆመውን ዛፍ የሚጠራበት ስም ያጣል።

ቁልቋልንም ኮሶንም «የዛፍ ስም» ብሎ የሚያልፍ መዝገበ ቃላት ፍቺ ሰጠ ሊባል አይችልም። ወደፊት ለሚዘጋጀው ሠዓሊ ይቀጠርለት፤ ከኅትመት ሳይሆን ከቆመ ዛፍ ይሣል፤ ወንዴና ሴቴው ኮሶ ጎን ለጎን በቀለም ይውጡ። የሠዓሊውም ስም ከሥዕሉ ሥር ይጻፍ።