ያለ ጃንጥላ የወረደው ስንዴ

የ1977ቱ ረሃብ ሲነሳ አስቀድሞ የኮረም ምስል ይመጣል፤ ቀጥሎ የፈረንጆቹ ዘፈንና የገንዘብ ማሰባሰቡ ይወራል። እኔን ግን ቀልቤን የሚይዘው ጆንያው ነው።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ በሰሜን ሸዋ ደጋዎች፣ እንደ ራቤል ባሉ መኪና በማይደርስባቸው ቦታዎች፣ ስንዴ ከአውሮፕላን መጣል ሲጀመር ጃንጥላ አልታሰረበትም። ጃንጥላ ውድ ነው፤ በዚያ ላይ ነፋስ ከያዘው እህሉን ገደል ይከተዋል። ስለዚህ ስንዴው በተደራረበ ጆንያ እንደገና ታሸገ። መሬት ሲመታ የውስጠኛው ቢተረተር የላይኛው ይዞ ያስቀረዋል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ጆንያ የሚደርበው ሠራተኛ ከሰነፈ አብራሪው የቱንም ያህል ቢካን እህሉ አፈር ላይ ተበትኖ ይቀራል።

አብራሪውስ? የእንግሊዝ ሄርኩለስና የምዕራብ ጀርመን ትራንዛል ያን ሁሉ ጭነት ይዘው ከሜዳው በላይ ጥቂት ሜትር ብቻ እስኪቀራቸው ዝቅ ይላሉ። አውሮፕላኑ እንዲያ ሲያልፍ በአንድ ሰከንድ ከ50 ሜትር በላይ ይሄዳል። ከኋላ በር ላይ የቆመው ጭነት ጣይ ወታደር ለዓይን ጥቅሻ ያህል ቢዘገይ ጆንያው ሜዳውን አልፎ ገደል ይገባል። ቢቸኩልም ያው ነው። አብራሪው ፊት ፊቱን ያያል፤ ጣዩ የሚያየው ኋላውን ነው፤ ሁለቱ ግን በአንድ ቅጽበት መስማማት አለባቸው።

ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀው ደግሞ ሜዳውን ያዘጋጀው ማን እንደሆነ ነው። አውሮፕላኑ ከመምጣቱ በፊት ቦታውን የሚያይ፣ ሰውና ከብት የሚያርቅ ቡድን እዚያ መድረስ አለበት። ቡድኑን የሚያደርሱት የፖላንድ ሚ-8 ሄሊኮፕተሮች ነበሩ፤ በመርከብ አሰብ ድረስ መጥተው። አስቡት እንግዲህ፤ አውሮፓ ላይ የሁለቱ ጎራ ሚሳይሎች ፊት ለፊት ተደቅነዋል፤ እዚህ የዋርሶ ቃል ኪዳን አብራሪ የኔቶ ወታደር አሳፍሮ የሸዋ አምባ ላይ ያሳርፋል። ደግነት ብቻ አይደለም ያገናኛቸው። ሄሊኮፕተሩ የትም ያርፋል፤ አየሩ በሚሳሳበት ደጋ ላይ ግን ብዙ እህል መሸከም አይችልም። ሄርኩለሱ ይሸከማል፤ ማረፊያ ግን የለውም። የማን ቤት ጦሙን እንዳደረ የሚያውቁት ደግሞ የመንግሥቱ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንና የገበሬ ማኅበራቱ ናቸው፤ እነሱ አውሮፕላን የላቸውም። ጥሩ ቅንጅት ማለት ይህ ይመስለኛል፤ እያንዳንዱ ሌላው የጎደለውን ይዞ መምጣቱ። በስብሰባ ብዛት የሚለካ ቅንጅት አይገባኝም። እርግጥ ስብሰባም ነበረ፤ የተባበሩት መንግሥታት ፊንላንዳዊውን ኩርት ያንሰንን አዲስ አበባ ያስቀመጠው ለዚሁ ማስተባበር ነው።

ማጋነን አያስፈልግም። ብዙውን እህል ያጓጓዘው ያው የጭነት መኪና ነው፤ ከአውሮፕላን መጣል እጅግ ውድ ስለሆነ መንገድ ላለው ቦታ አይመከርም። እነዚህ አውሮፕላኖች በመንግሥትና በአማፂዎች መካከል ጦርነት ከሚካሄድበት መስመር ማዶ ላለው ሕዝብም አልደረሱለትም። ለትግራይና ለኤርትራ ገጠር እህሉ የሚገባው ከሱዳን ነበር፤ ካርቱም የተቀመጠው የአብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ያሰባሰበውን የአማፂዎቹ የእርዳታ ድርጅቶች ይጭኑታል። መኪኖቹ ቀን ከመንግሥቱ ሚግ ጀቶች ተሸሽገው ዛፍ ሥር ይውላሉ፤ ሲመሽ ይነሳሉ። የዚህኛውና የዚያኛው ወገን ሠራተኞች አንድ ጠረጴዛ ላይ አልተቀመጡም። አንዳንድ ለጋሾች ግን ለሁለቱም ይሰጡ ነበር፤ በአንዱ በር በይፋ፣ በሌላው ድምፅ ሳያሰሙ።