ሰማይ ቤት «እምቢ» ማለት ይቻላል? — በገድለ ክርስቶስ ሠምራ ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ መንግሥተ ሰማያት ሲወራ የሚነገረን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ የሌለው ነገር ነው። ረኀብ የለም፣ ጥም የለም፣ ልቅሶ የለም፣ ሞት የለም። መልካም፤ ይኼን ማን ይጠላል! ነገር ግን ሰው ስለ አንድ አገር ጠይቆን «እዚያ ሐሩር የለም፣ ወባ የለም» ብለን ብንመልስለት ስለ አገሩ ምን ነገርነው? ሰዎቹ ምን ይሠራሉ? ምን ይመኛሉ? ሲጣሉስ ማን ያስታርቃቸዋል?

በኛ በኩል ነገሩ ቶሎ ይገባል። በቀትር ዲቾቶ ላይ ለቆመ ሰው ገነት ማለት ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ከጅቡቲ ጭኖ የሚመጣ ሾፌር ከመኪናው ሥር ምንጣፉን ዘርግቶ ጋደም ሲል ከዚያ የበለጠ ምን አለ ያሰኛል። ግን ያ ዕረፍት የሚጥመው ፀሐይዋ በረድ ስትል ተነሥቶ መሪውን ስለሚጨብጥ ነው። መነሣት የማይቻልበት ጥላ ቢሆን ስሙ ይለወጣል፤ ግዞት ይባላል። እንግዲህ ጥያቄው ይኼ ነው፦ የጻድቃን ዕረፍት የትኛው ዓይነት ነው? እዚያ የሚኖረው ሰው መምረጥ፣ መከራከር፣ እምቢ ማለት ካልቻለ «አለ» ይባላል ወይ?

ይህን ጥያቄ ከፈረንጅ ፍልስፍና መበደር አያስፈልገንም። የራሳችን መጻሕፍት አንሥተውታል። ለቆጵሮሱ ኤጲፋንዮስ የሚሰጠው አክሲማሮስ ስለ መላእክት መፈጠር የሚተርከውን አስቡት። መላእክት ተፈጠሩ፤ ፈጣሪያቸው ግን ተሰወረባቸው። ማን ፈጠረን እያሉ ሲጠያየቁ ሳጥናኤል እኔ ነኝ አለ። የተቀበሉት አሉ፤ የተጠራጠሩ አሉ። ገብርኤል ግን አምላካችንን እስክናገኝ ድረስ በያለንበት እንጽና ብሎ አረጋጋቸው። ብርሃኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ልብ በሉ፤ በዚህ ትረካ የሰማይ የመጀመሪያ ታሪኩ ዝማሬ ሳይሆን ምርጫ ነው። ምርጫውም የተደረገው በጨለማ፣ ፈጣሪ ተሰውሮ ሳለ ነው። ሁሉ ነገር ፊት ለፊት ቢታይ ኖሮ የገብርኤል ጽናት ምን ዋጋ ነበረው? ህላዌ የምንለው ቃል እዚህ ላይ ሥጋ ይለብሳል፦ መኖር ማለት ማንም ሳያስገድድህ በቦታህ መቆም ነው። ታዲያ ብርሃኑ ከመጣ በኋላስ? መላእክቱ አንዴ መርጠው ጨረሱ ወይስ እየመረጡ ይኖራሉ? አክሲማሮስ እዚህ ላይ ያቆማል።

ከዚያ የሚቀጥለው፣ በኔ ግምት፣ ገድለ ክርስቶስ ሠምራ ነው። የቡልጋዋ ክርስቶስ ሠምራ ባልና ልጆች የነበሯት ሴት ነበረች። ኋላ ሁሉን ትታ መነነች፤ ጣና ባሕር ላይ በጓንጉት ተጋደለች። ገድሏን ጣሊያናዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1956 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። በገድሉ ውስጥ ምን ጠየቀች መሰላችሁ? ዲያብሎስን ማርልኝ አለች። ምክንያቷም ተራ የዋህነት አይደለም፤ አሳቹ ከታረቀ የአዳም ልጆች ከስሕተትና ከስቃይ ይድናሉ ብላ ነው። ፈቃድ አገኘች። ቅዱስ ሚካኤልን አስከትላ ወደ ሲኦል ወረደች። ሰይጣንን ጠርታ ላስታርቅህ መጣሁ ብትለው ተቆጣ፤ ጎትቶም ወደ ውስጥ ጣላት። ሚካኤል በሰይፉ አዳናት። ስትወጣ ግን ባዶ እጇን አልወጣችም፤ እልፍ ነፍሳት ተከትለዋት ወጡ።

የዚህ ትረካ ጉልበቱ ሁሉም ባለ ፈቃድ መሆኑ ነው። ቅድስቲቱ ማንም ያላዘዛትን ትጠይቃለች። ፈጣሪ «ይኼ አይጠየቅም» ብሎ አፏን አያስይዛትም፤ ውጤቱን እያወቀ ሂጂ ይላታል። ሰይጣንም ምሕረት ደጁ ድረስ መጥታለት እምቢ ይላል። ከዚህ የምንረዳው የኛ ሊቃውንት ቅድስናን ዝም ብሎ መታዘዝ አድርገው እንዳልሣሉት ነው። ቅዱስ ማለት ፈጣሪን «ግን እኮ» ሊል የሚደፍር ነው። ምልጃ የምንለው ነገር ሌላ ምንድን ነው?

የውጪውም ዓለም ሊቃውንት በዚሁ ተጣልተዋል። በሦስተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያው ኦሪጀን ነፍስ ፈቃዷ አይነጠቅም ብሎ ስለ ያዘ፣ ከብፅዕናም መውደቅ እንደሚቻል ወደ ማሰብ ደረሰ። አውግስጢኖስ ደግሞ የፊተኛው ነፃነት ኃጢአት አለመሥራት መቻል፣ የኋለኛውና የሚበልጠው ኃጢአት መሥራት አለመቻል ነው አለ። የአውግስጢኖስ መልስ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ልጇን መግደል የማትችል እናት ነፃነት ጎደላት አንልም፤ ፍቅሯ ሞላ እንላለን እንጂ። ነገር ግን ያቺ እናት ለልጇ የምትመርጠው ሺህ ነገር አላት። ከክፉ ጋር አብሮ መምረጥ ሁሉ ከጠፋ የሚቀረው ፍቅር ሳይሆን ድንጋይ ነው።

ችግሩ የሚከፋው በመጨረሻው ላይ ነው። ምልጃ እስከ ፍርድ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ የለም ይባላል። እንዲያ ከሆነ ክርስቶስ ሠምራ ያን ጊዜ ምን ትሠራለች? ሲኦል ወርዳ የነበረችው ሴት፣ የሲኦል በር ተዘግቶ ውስጥ ሰው እንዳለ እያወቀች ዘላለም ትዘምራለች? ከረሳቻቸው እሷ እሷ አይደለችም። ካስታወሰቻቸው ደግሞ ደስታዋ እንዴት ሙሉ ይሆናል? ገድሉ ራሱ የፈጠራት ሴት ለዚያ ሰማይ አትመጥንም፤ ትሰፋዋለች።

አንድ ነገር ግን በገድሉ ላይ ቅር ይለኛል። ክርስቶስ ሠምራ ለመመነን የበቃችው በገረዷ ምክንያት ነው። ተቆጥታ በገረዲቱ አፍ ፍም ከተተችባት፤ ሞተች። እመቤቲቱ አለቀሰች፣ ተሳለች፤ ገረዲቱ ከሞት ተነሣች። ከዚያ በኋላ ታሪኩ እመቤቲቱን ይዞ ወደ ጣና ይሄዳል። ገረዲቱስ? የሰይጣን መልስ በዝርዝር ሲተረክልን የሷ ይቅርታ ወይም እምቢታ አይሰማም። ያ የተቃጠለ አፍ ምን አለ? ስለ ነፃነት የሚናገር ድርሰት ለዲያብሎስ እንኳ አንደበት ሰጥቶ ለአገልጋይ ከነፈገ፣ ጉድለቱ የብራና ማነስ አይደለም። የጸሐፊው ዘመን ጌታና ሎሌ ያለበትን ሥርዓት ይዞት ወደ ሰማይ ወጥቷል ማለት ነው።

ስለዚህ የሰማይን ነፃነት የምለካው በዚህ ነው፦ እመቤትና ገረድ እዚያ ሲገናኙ ገረዲቱ ቀና ብላ «አልረሳሁትም» ማለት ትችላለች ወይ? ከቻለች፣ ከዚያም ወድዳ ይቅር ካለች፣ ያ መንግሥተ ሰማያት የሚኖሩበት አገር ነው። ካልቻለች ጥላው ቢያምርም ጥላ ብቻ ነው። ገድሉን ያላነበባችሁ አንብቡት። የምትቃወሙኝም ዝም አትበሉ፤ ሰማይ ቤት እስክንደርስ እዚሁ እንከራከር።